«ጥፋቱ የኔ ነው» የምትል እናት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። ለቅሶ ቤት ማለቱ ራሱ ይከብዳል፤ ድንኳን አልተጣለም፣ የእድር ጥሩምባ አልተነፋም፣ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ የተቀመጠ ወንድ አልነበረም። ሟቹ የሠላሳ አንድ ቀን ሕፃን ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነውና ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ጧት ተቀበረ፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ወደየሥራው ተመለሰ። ከእናቲቱ ዘንድ የቀረነው ስድስት ወይም ሰባት ሴቶች ነን።

ልጅቷ ሃያ አራት፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አታለቅስም። ጡቷ ወተት አግቷልና ነጠላዋን እየደጋገመች ወደ ደረቷ ትስባለች። ድንገት፣ ማንንም ሳታይ፣ «እያጠባሁት እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

ሴቶቹ ተንጫጩባት። «ኧረ በስመ አብ በይ! እንዲህ አይባልም!» አለች አንዷ። «የሰጠሽም እግዜር፣ የወሰደውም እግዜር» አለች ሌላዋ። ሦስተኛዋም፣ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ በዓመቱ ትተኪዋለሽ» አለቻት። እውነቱን ለመናገር እኔም፣ «አዎ፣ ይተካል» ብያለሁ። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው ያልኩት።

ይህን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ጆሮዋም የደከመ አሮጊት ናት፣ የማትሰማ መስሎን የነበረውን ሁሉ ሰምታው ኖሮ፣ «የኔ አልተካም» አለች።

ያ አልተካም የተባለው ልጅ ምትክ ሆኜ የተወለድኩት እኔ ነኝ።

አንባቢዬ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ስም ለአፍታ ያስታውስ። ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ካሳዬ፣ ማስረሻ። እንደ ዋዛ ስንጠራቸው የምንውላቸው እነዚህ ስሞች ከብዙዎቹ በስተጀርባ አንድ ትንሽ መቃብር አለ። ማስረሻ የተባለው ሰው አንድ የሚያስረሳው ነገር ተሰጥቶት የተወለደ ነው፤ ካሳ የተባለውም በአንድ ሰው ሞት ሒሳብ የተከፈለ ነው። የኔም ስም ከዚሁ ወገን ነው። ሃምሳ ስንት ዓመት ስጠራበት ኖሬ፣ ካሳው ተቀባይነት እንዳላገኘ የሰማሁት በዚያ ቀን ነው። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ማታ ተኝቼ ግን ያብሰለሰለኝ የራሴ ነገር አልነበረም። አንዲት እናት «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል እኛ ያንን ቃል ከአፏ ለመንጠቅ ያን ያህል የምንቸኩለው ለምንድን ነው? የምንቸኩለውስ ለእሷ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን?

የእናቴን ታሪክ የማውቀው በቁርጥራጩ ነው። በ1957 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ኩፍኝ ያዘው። ዛሬም የሚያምንበት አይጠፋም እንጂ፣ ያን ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ አይወጋም፣ ከተወጋ በሽታው ወደ ውስጥ ይገባበታል የሚባለው የሁሉም እምነት ነበር። ልጁ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ብርሃን እንዳያየው ጓዳ ውስጥ ተኛ። በስድስተኛው ቀን ትንፋሽ ሲያጥረው እናቴ ከቤታቸው ብዙም የማይርቅ ድሬሰር ዘንድ ልትወስደው ተነሣች። አማቷ በሩ ላይ ቆመው፣ «መርፌ አስወግተሽ ልትገድይው ነው?» አሏት። ተመለሰች። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

እኔ ተምሬ፣ ትንሽም ቢሆን አንብቤ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን እንደ ጠበቃ ቀርቤ ተከራከርኩላት። የኩፍኝ ክትባት በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ለልጅሽ ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ማለት ነው፤ ወደ አገራችን በመደበኛ ፕሮግራም መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1972 ዓ.ም. ነው፤ የኩፍኝን ቫይረስ ራሱን የሚገድል መርፌ ያኔም አልነበረም አልኳት። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ያላልኩትም ነገር ነበር። ኩፍኝን ተከትሎ የሚመጣውን የሳንባ ምች ድሬሰሩ በፔኒሲሊን ሊያክመው ይችል እንደነበር አውቃለሁ። በስድስተኛው ቀን ያጠረው ትንፋሽ የዚያ ምልክት ሳይሆን አይቀርም። ይህንን ዋጥኩት።

እናቴ እስክጨርስ ታግሳ ሰማችኝና ሳቅ አለች። «እንግዲህ ተምረሽ መጥተሽ በነፃ ለቀቅሽኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እናቱ እኔ ነበርኩ። እኔ ካልተጠየቅሁ ለዚያ ልጅ ማን ይጠየቅለት?»

ያን ጊዜ የአሮጌ ሰው እልህ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን በዚህች ጥያቄ ውስጥ እኔ ሳነባቸው ከኖርኩት መጻሕፍት የማይተናነስ ነገር ያለ ይመስለኛል።

በርናርድ ዊልያምስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዕድልና ግብረ ገብ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ሾፌሩ ምንም ሳያጠፋ አንድ ሕፃን ይገጭና ይገድላል። ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ፍሬኑ ደኅና ነው፤ ልጁ ነው ዘሎ የገባበት። በሕግ ፊት ነፃ ነው። ዊልያምስ የሚለው፣ የዚህ ሾፌር ሐዘን ዳር ቆሞ ካየው መንገደኛ ሐዘን የተለየ ነው፤ ጥፋተኛ ባይሆንም ድርጊቱ በእጁ አልፏልና። ሰዎች «ያንተ ጥፋት አይደለም» ብለው ሊያጽናኑት መሞከራቸው ደግ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ወዲያው «አዎ፣ የኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ ወደ ምሳው ቢሄድ፣ ያጽናኑት ሰዎች ራሳቸው በጥርጣሬ ያዩታል።

ምክንያት መሆንና ጥፋተኛ መሆን ሁለት ነገር ናቸው ማለት ነው። አማርኛችን በደልን፣ ጥፋትን፣ ኃጢአትን፣ ሰበብን ለያይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ልጅ የሞተባት ሴት ዘንድ ስንደርስ ግን ሁሉንም በአንድ ጆንያ እንከታቸዋለን። እሷ «በእጄ ላይ ሞተ» ትላለች፤ እኛ «ኃጢአት የለብሽም» እንላታለን። ያልተናገረችውን ነው የምንመልስላት።

ሾፌሩ እንኳ ያን ልጅ ከዚያ ቀን በፊት አያውቀውም። እናት ግን ዘጠኝ ወር በሆዷ፣ ከዚያም በጀርባዋ አዝላ፣ ሌሊቱን እየነቃች ጠብቃዋለች። ጥበቃው የሷ እንደነበረ ማንም አይክድም፤ ሲድን ሲያድግ «እናቱ ምን የመሰለች ናት!» ይባላል። ሲሞት ግን በአንድ ጊዜ ጥበቃው ሁሉ የእግዜር ይሆናል። እናቴ የተቃወመችው ይህንን ይመስለኛል። ልጇ ማንም የማይጠየቅበት ነገር እንዲሆን አልፈለገችም። ስድሳ ዓመት ሙሉ በስሙ ስትጠየቅለት ኖረች፤ የቀራት እናትነት ያ ነበር።

እዚህ ላይ የምናገረው ነገር አደገኛ መሆኑ አይጠፋኝም። እናትን በጥፋተኝነት ስሜቷ ውስጥ እንተዋት እያልኩ እንዳይመስል። ምክንያቱም ሌላ ዓይነት ጥፋተኝነት አለ፤ ከውጭ የሚጫን።

ሾተላይ የምንለውን ቃል እንውሰድ። አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ትወልድና ከዚያ ወዲህ የምታረግዛቸው ይሞቱባታል። ጎረቤት «ሾተላይ አለባት» ይላል። አለባት ነው የሚለው፤ አለባቸው አይልም። በአሮጌ የብራና ክታቦች ላይ ተጽፎ በአንገት የሚንጠለጠለውን የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት የሚያውቁ፣ ሕፃናትን የምትገድለው ወርዘልያ እንደምትባል ያውቃሉ። ሱስንዮስ የተወለደ ልጁ ሲገደልበት ጦሩን ይዞ፣ ፈረሱን ጭኖ ይፈልጋትና ይገድላታል። በአንዳንዱ ትውፊት ወርዘልያ የገዛ እኅቱ ናት። አባት ተበቃይ ነው፤ ገዳይዋ ሴት ናት፤ የሟቹ እናት ደግሞ ታለቅሳለች። ክታቡን በአንገቷ ያሰረችው እርጉዝ ሴት ብዙ መጽናኛ አግኝታበት ይሆናል፤ ያንን አልንቅም። ዳሩ ግን ከሴት በሴት የመጣ መዓት ነው የሚለው ነገር አብሯት በአንገቷ ይንጠለጠላል።

የሕክምናው እውነት የተገለጠው ዘግይቶ ነው። ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1939 ሙት ልጅ የወለደች የአንዲት ሴት ደም ላይ ያዩትን ጻፉ፤ በዓመቱ ላንድስታይነርና ዊነር አር ኤች የሚባለውን የደም ዓይነት ለዓለም አስታወቁ። የእናትየዋ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ ሆኖ ልጁ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ፣ ብዙውን ጊዜ በወሊድ ሰዓት የልጁ ደም ከሷ ጋር ይነካካል፤ ሰውነቷም መከላከያ ያዘጋጃል፤ የሚቀጥለውን ፅንስ የሚያጠቃው ያ መከላከያ ነው። ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ አለ። የጤና ባለሙያዎቻችን ዛሬም ለዚሁ ነገር ሾተላይ የሚለውን ቃል ይጠቀሙበታል፤ ጥሩ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ቃል ነውና። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የሁለት ሰው ደም ባይገናኝ ኖሮ አይከሰትም ነበር። ፖዘቲቩን ያመጣው አባት ነው። ስንቷ ሴት በዚህ ሰበብ ተፈታች? ስንቱስ ባል «ልጅ የማይበረክትላት» ብሎ ሌላ አገባ? ከሌላዋ የወለደው ልጅ ባደገ ጊዜም ምስክር ሆኖባታል።

እንዲህ ያለው ጥፋተኝነት ሊደመጥ የሚገባው አይደለም፤ ሊፈርስ የሚገባው ነው። ከውስጥ የሚመጣውን ማድመጥ፣ ከውጭ የተጫነውን ማፍረስ ብል ደስ ባለኝ፤ ችግሩ ሁለቱ በአንድ ሴት ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው ነው። እናቴ «አልወሰድኩትም» ስትል ከውስጧ ነው፤ ግን በሩ ላይ የቆሙት አማቷም በውስጧ ቆመው ቀርተዋል። ደግሞም እኚያ አሮጊት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያድኑ መስሏቸው ነው የከለከሉት። እሳቸውስ ከዚያ በኋላ ምን ብለው ተኙ? እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰቻቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «እሳቸውም አጥተዋል» አለችኝ።

ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን የኖረው የሰሎሞን ፍርድ ትዝ የሚለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት ወለዱ። አንደኛዋ ሌሊት ተኝታበት ልጇ ሞተ፤ የሌላይቱን ወስዳ በሙቱ ለወጠችው። ንጉሡ ሰይፍ አስመጣና እውነተኛዋ እናት ታወቀች። ሁላችንም የንጉሡን ጥበብ እያደነቅን ወጣን። ያችኛዋስ? እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ስንት ጊዜስ ለልጆች ተርኬ፣ ውሸታም ከምትባለው ሴት ጋር አንድም ደቂቃ ቆሜ አላውቅም ነበር። በእኩለ ሌሊት ነቅታ ልጇን በሥሯ በድን ሆኖ ያገኘች ናት። የሠራችው በደል ትልቅ በደል ነው፤ ይከፈል ማለቷም ያስፈራል። ግን ከሐሰቷ በፊት ሐዘን ነበረ። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳልነበረ መጽሐፉ ይናገራል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላ የምትነግረው ሰው ቢኖር ኖሮ የሰው ልጅ ትሰርቅ ነበር? አላውቅም። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ወዴት እንደሄደች፣ የሞተውንስ ልጅ ማን እንደቀበረው የተጻፈ ነገር የለም።

የሚገርመው ደግሞ ፈራጁ ራሱ ምትክ ልጅ መሆኑ ነው። ዳዊት ከቤርሳቤህ የወለደው የመጀመሪያ ልጅ በሰባተኛው ቀን ሞቷል፤ ስምንተኛው የግዝረት ቀን ሳይደርስ፣ ስሙም ሳይነገረን። የዳዊትን ሰባት ቀን እናውቀዋለን፤ መሬት ላይ መተኛቱን፣ አለመብላቱን፣ ሞቱን ሲሰማ ተነሥቶ መታጠቡን። የቤርሳቤህን ሰባት ቀን ግን አናውቅም። ባሏ አጽናናት ይላል፤ ከዚያ ሰሎሞን ተወለደ። «ይተካል» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ቤርሳቤህ ራሷ ብትጠየቅ ግን የምትመልሰው የእናቴን መልስ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አንዳንዱ ሰው፣ ድሮ ልጅ በብዛት ይሞት ስለነበር እናቶች ለምደውት ነበር ይላል። ናንሲ ሼፐር ሂዩዝ የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ውስጥ ድህነት ያደቀቃቸው እናቶች ለሚሞቱባቸው ጨቅላዎች እንደማያለቅሱ ጽፋለች። ስለ ብራዚል አልከራከርም። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከ166ቱ የአንዱ እናት ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ያነሰ አዝናለች ማለት፣ በረሃብ ዘመን የሚራብ ሰው ሆዱ አይጮህም እንደማለት ነው። አለማልቀስና አለማዘን አንድ አይደሉም። እናቴ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

የባህላችን የለቅሶ ሥርዓት ለትልቅ ሰው ብልህ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ብዙም አይናገርም። ሟቹ በስሙ እየተጠራ ይለቀሳል፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ሐዘኑን በእርከን ያወርደዋል። ያልተጠመቀ ሕፃን ግን ፍትሐት የለውም፤ የኔ እድርም ለሕፃን የሚከፍለው ከትልቅ ሰው ያነሰ ነው፤ እንዲያውም እኔ ራሴ ደንቡ ሲጸድቅ እጄን አውጥቻለሁ። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ተወልዶ ድምፁን ያሰማ ሕፃን ስም ይወጣለታል፣ ታጥቦ ይገነዛል፣ ይሰገድበታል። አንድ የሙስሊም ጎረቤቴ የሁለት ቀን ልጇን ዛሬም በስሙ ስትጠራው እሰማለሁ። ስም መኖሩ ሐዘኑን አላቀለላትም፤ ግን ስለማን እንደምታወራ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደዚያች ልጅ ቤት ልመለስና ላብቃ። እናቴ «የኔ አልተካም» ካለች በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ አፍሬ ወለሉን አያለሁ። እሷ ግን በግድግዳው ተደግፋ ተነሣች፤ ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ነበረችና አጠገቧ ወርዳ ተቀመጠች። በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደተቀመጠች እንጃ።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አለቻት።

«ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፣ እማማ። ሌሊት።»

«በየትኛው ጡትሽ ነበር?»

«በግራ።»

ከሴቶቹ አንዷ ልታቋርጥ አፏን ስትከፍት እናቴ እጇን አነሣችባት። ልጅቷ ስለዚያች ሌሊት መናገር ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ መዋሏን፣ ልጁ ከመሸ ጀምሮ ማስነጠሱን፣ ስትነቃ መብራት ሄዶ እንደነበረና በእጇ ብቻ እንደዳሰሰችው ነገረቻት። ሕፃናት እናት ሳትነካቸውም በእንቅልፋቸው ድንገት እንደሚሞቱ፣ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ ምክንያቱን እንደማያገኙት አንብቤያለሁ። ይህን ልነግራት ይገባ ነበር፤ በኋላም በሌላ ቀን ሄጄ ነግሬያታለሁ፤ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ሲላት ከቆየም ሐኪም ዘንድ አብሬያት እንደምሄድ ነግሬያታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን የሷ ቃል ገና አላለቀም ነበር።

«ማን እያልሽ ነበር የምትጠሪው?» አለቻት እናቴ።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። የቤት ስሙን ነገረቻት። እናቴ ጆሮዋ ደካማ ስለሆነ ደግማ አስጠራቻት፤ ሁለተኛ ስትጠራው ልቅሶዋ ወጣ። ቅድም «ትተኪዋለሽ» ያለቻት ሴትዮ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቡና እስኪቀርብ ድረስ አልተመለሰችም። የራሷ ነገር ኖሯት ይሆናል፤ አልጠየቅኋትም።

ስንመለስ እናቴን ደግፌያት ዳገቱን ወጣን። ስለ ወንድሜ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ስሙን እንኳ ያወቅሁት ከአክስቴ ነው። እሷ ግን አዲሱ ጫማዋ ጣቷን እንደጨመቃት፣ ነገም ሄደን የምናስቀይረው እንደሆነ ስታወራኝ ቤት ደረስን።